በሶፍትቦል የኋላ እግር እንዴት ይሠራል? ከአቋቋም እስከ ምት

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሶፍትቦል (የሚወረወር ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) የጀመሩ ልጆችም ሆኑ የሚያስተምሯቸው የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን በየጊዜው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ኳሱን እንመታዋለን፤ ግን አይሄድም። የኋላ እግርን ምን እናድርገው? እናሽከርክረው ወይስ እንግፋበት?»

አጭሩ መልስ፦ ማሽከርከርም ሆነ መግፋት ብቻውን አይበቃም። የኋላ እግር መጀመሪያ ክብደት ይቀበላል፤ ቀጥሎ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ዳሌን ወደ ፊት ያመጣል፤ ከዚያ ክብደቱን ለፊት እግር አስረክቦ ይቀላል። ተረከዙ የሚነሣው ይህ ሁሉ ስለተሠራ ነው። «ተረከዝህን አዙር» የሚለው ትእዛዝ በየሜዳው ስለሚሰማ ብዙ መቺ ተረከዙን ያዞራል፣ ዳሌው ግን እዚያው ቆሞ ይቀራል። ከታች ካሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ይህን ልማድ ለማስለቀቅ የተዘጋጁ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ልብ በሉ። መመሪያው የተጻፈው ግራ ጎኑን ለኳስ ወርዋሪው ሰጥቶ ለሚቆም ቀኝ እጅ መቺ ስለሆነ የኋላ እግር ማለት ቀኝ እግር ነው፤ ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጡት። ሁለተኛ፣ መምቻው በየቦታው «ባት» ነው የሚባለው፤ በእኛ አፍ ደግሞ ባት የእግር ሥጋ ነው። «ባትህን አላላው» ስትሉት ዱላውን የሚለቅ ልጅ እንዳይኖር፣ እዚህ መምቻው ዱላ፣ ባት ደግሞ ባት ሆኖ ይቀጥላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ዱላ። ለአዋቂ ሴት ተጫዋች ከ81 እስከ 84 ሴ.ሜ ርዝመትና ከ650 እስከ 700 ግራም ክብደት ያለው ይስማማል። ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ከ76 እስከ 79 ሴ.ሜ ይሁን፤ ክብደቱም ከ600 ግራም አይለፍ።
- ኳስ። የጨዋታው ኳስ ዙሪያው 30.5 ሴ.ሜ፣ ክብደቱ ከ178 እስከ 198 ግራም ነው። ለልምምድ ግን የካልሲ ኳስ ይበቃል፤ ብጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ በመርፌ ስፉትና ዙሪያውን በክር ለክታችሁ ወደ 30 ሴ.ሜ አድርሱት።
- ቲ፣ ማለትም ኳሱ የሚቀመጥበት ምሰሶ። አሠራሩ ከታች አለ።
- ኖራ ወይም ቾክ፣ አራት የለስላሳ ቆርኪ፣ አንድ ቀጭን ፎጣ።
- ቪዲዮ የሚያነሣ ስልክ፤ ስሎው ሞሽን ካለው ይመረጣል።
- ኳሱን የሚያስቆም ነገር። ተተርትረው የተሰፉ አራት የማዳበሪያ ጆንያዎች በሁለት ቋሚ መሀል ላላ ብለው ከተሰቀሉ በቂ ናቸው። ወጥረው ከተሰቀሉ ግን ኳሱን መልሰው ይወረውሩታል።
- ጫማ። ለደረቅ ሜዳ ሸራ ጫማ፣ ለሣር አጭር ጥርስ ያለው ታኬታ። ረጅም ጥርስ ያለው የእግር ኳስ ታኬታ በጭቃ ሲተከል እግሩ አይዞርም፤ ዳሌ እየዞረ እግር ሲተከል ደግሞ የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው።

ፋብሪካ የሠራው ዱላ ካልተገኘ ከደረቀ ዋንዛ ቶርኖ ቤት ማስወጣት ይቻላል። ወይራ ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሲያልቅ የሽንኩርት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ከ900 ግራም ካለፈ ይላጭ። ከባድ ዱላ የኋላ ትከሻን ወደ ታች ስለሚጎትት እግሩ ልክ ቢሠራ እንኳ ውጤቱ አይታይም። የእጀታው ጫፍ እጅን የሚያቆም ጉብታ ይኑረው፣ እጀታውም በናስትሮ ይጠቅለል። እንዲህ ያለ ዱላ ለካልሲ ኳስ ብቻ ነው፤ በጠንካራው ኳስ ሊሰበርና ስባሪው ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ቲውን ለመሥራት 60 ሴ.ሜ የሚሆን ባለ 32 ሚ.ሜ የፒቪሲ ቱቦ፣ በውስጡ የሚንሸራተት 50 ሴ.ሜ ባለ 25 ሚ.ሜ ቱቦና ባለ 4 ሊትር የቀለም ባልዲ ያስፈልጋል። ሱቁ ውስጥ አንዱን ቱቦ በሌላው ውስጥ አስገብታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ፤ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቱቦ ሌላውን አያስገባም። የሰፊውን ቱቦ ታች አፍ በናስትሮ ዝጉት፣ አለዚያ ኮንክሪቱ ይሞላዋል። ባልዲው መሀል አቁማችሁ በ1 እጅ ሲሚንቶ፣ በ2 እጅ አሸዋና በ3 እጅ ጠጠር ሙሉት። ሦስት ቀን ውሃ እያጠጣችሁ ተዉት። ቀጭኑ ቱቦ ላይ በየ5 ሴ.ሜ ቀዳዳ ብሱ፤ በቀዳዳው የሚገባ ምስማር ቁመቱን ይይዛል። ከላይ 12 ሴ.ሜ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ግማሹን ቱቦው ላይ አልብሱት፣ ግማሹ ቀጥ ብሎ ይቁም። ኳሱ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ነው። ዱላ ኳሱን ስቶ ዝቅ ሲል የሚያገኘው ላስቲኩን ስለሆነ ቱቦው አይሰበርም።

ደረጃ 1፦ ሜዳውን አስተካክሉ

ደሴ ላይ ደልዳላ መሬት እንደ ልብ አይገኝም። ቦሩ ሜዳ ድረስ መሄድ ካልቻላችሁ ያላችሁን ቦታ አስተካክሉ፤ ግን ተዳፋቱን አትናቁት። የኋላ እግር ከፊተኛው ከፍ ብሎ ከቆመ ክብደቱ ሳይፈለግ ወደ ፊት ይፈስሳል፣ መቺውም ኳሱ ሳይደርስ ያልቅበታል። የኋላ እግር ዝቅ ካለ ደግሞ ክብደቱ ኋላ ተይዞ ይቀራል፤ ኳሱም ወደ ሰማይ ይወጣል። የአንድ ሜትር ጣውላ በሁለቱ እግር መቆሚያ ላይ አጋድማችሁ ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ውሃ ልክ ከሌለ ጣውላው ላይ ኳስ አስቀምጡ፤ ከተንከባለለ በዶማ ይስተካከል።

አንድ ሰዓት ከተመታ በኋላ የኋላ እግር የቆመበት ቦታ ጎድጓድ ይሆናል። ጉድጓዱን በየ20 ምቱ ሙሉና ርገጡት። ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ተረከዝ ለመነሣት ተጨማሪ ከፍታ ስለሚኖረው እግሩ ይዘገያል፤ ብዙ ሰው ግን «ደከመኝ» እያለ ያልፈዋል።

ደረጃ 2፦ አቋቋም

ሆም ፕሌት የሚባለው፣ ኳሱ በላዩ የሚወረወርበት ሰሌዳ ፊቱ 43 ሴ.ሜ ስፋት አለው፤ በኖራ ሣሉት። ከጉልበትና ከዳሌ ጥቂት ታጥፋችሁ ዱላውን ስትዘረጉ ጫፉ የሰሌዳውን ሩቅ ጠርዝ ይንካ። ርቀታችሁ ይህ ነው።

በሁለቱ እግሮች መሀል ያለው ስፋት ከትከሻ በአንድ ጫማ ወርድ ያህል ይበልጥ። የኋላ እግር ጣቶች ወደ ሰሌዳው ቀጥ ብለው ወይም በጣም ጥቂት ወደ ወርዋሪው አጋድለው ይቁሙ። ጣቶቹ ወደ ኋላ፣ ወደ ያዡ (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳሱን ወደሚቀልበው) ከተከፈቱ ዳሌው ለመዞር ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል፤ ጉልበቱም ከእግሩ ውጭ ይወድቃል። ከጣት አቅጣጫ ብቻ የሚመጣ ስሕተት ስለሆነ በአንድ ደቂቃ ይታረማል።

ጉልበቶች ላላ ብለው ይታጠፉ። የኋላ ጉልበት ከኋላ እግር ጫማ ወደ ውስጥ ይሁን እንጂ ወደ ውጭ አይውጣ። የገና ጨዋታ እየተጫወተ ያደገ ልጅ ኳሱን ከመሬት መምታት ስለለመደ ወገቡን አጥፎ፣ ሁለት እግሩን ተክሎ ይቆማል። እዚህ ግን መታጠፍ ያለበት ዳሌና ጉልበት ነው፤ ጀርባ ቀጥ ይበል።

ደረጃ 3፦ ክብደት መቀበል

ወርዋሪዋ ክንዷን ማዞር ስትጀምር እናንተ ክብደታችሁን ወደ ኋላ እግር ሰብስቡ። ከሙሉው ሥልሳ፣ ቢበዛ ሰባ በመቶ ያህሉ ኋላ ይረፍ። ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ወሳኝ ነው፦ ከአውራ ጣት ሥር ተነሥቶ እስከ ተረከዝ በሚሄደው ውስጠኛው ጠርዝ ላይ።

ይህ እንዲሰማችሁ ከቀኝ ጫማችሁ ውጪኛ ጠርዝ ሥር ሁለት ቆርኪ አስቀምጡ። እግሩ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ስለሚያጋድል ውስጠኛው ጭን ሲወጠር ይታወቃችኋል። ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጠርዝ ከሄደ መቺው ወደ ያዡ ተንሸራትቷል ማለት ነው፤ ከዚያ ለመመለስ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ አይገኝም። ወርዋሪዋ የምትቆመው 13.1 ሜትር ላይ ነው። በሰዓት 90 ኪ.ሜ የሚመጣ ኳስ ከእጇ ወጥቶ ሰሌዳው ላይ እስኪደርስ የሚፈጀው ግማሽ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

መሰብሰብ ማለት መቀመጥም አይደለም። ቀኝ ብሽሽታችሁ ላይ የታጠፈ ፎጣ አስገቡና ፎጣው እንዳይወድቅ ዳሌውን ወደ ውስጥ አጥፉ። ፎጣው ከተያዘ ዳሌው ተጠምዝዟል፤ ጉልበቱ ብቻ ታጥፎ ፎጣው ከወደቀ ቁጢጥ ብላችኋል እንጂ ክብደት አልተቀበላችሁም።

ደረጃ 4፦ የፊት እግር እርምጃ

ከ10 እስከ 20 ሴ.ሜ፣ ወደ ወርዋሪዋ። የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ የሚራመድ ሰው እንደሚረግጥ ርገጡ፤ መጀመሪያ የእግር ፊት ውስጠኛው ክፍል ይንካ፣ ተረከዝ ይከተል። እግሩ ሲያርፍ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደት አሁንም ኋላ ነው፤ እጆችም ከኋላ ትከሻ አጠገብ አልተንቀሳቀሱም።

እርምጃው ከ20 ሴ.ሜ ካለፈ ጭንቅላት አብሮ ይሄዳል። የምትመለከቱበት ዓይን እየተንቀሳቀሰ ኳሱ ደግሞ እየመጣ ሁለቱን ማገናኘት ከባድ ነው። ቾክ መስመር አስምሩና መስመሩን ያለፈ እርምጃ እንደ ስሕተት ይቆጠር።

ደረጃ 5፦ ጉልበት ዳሌን ያመጣዋል

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

የፊት ተረከዝ መሬት እንደ ነካ የኋላ ጉልበት ወደ ውስጥና ወደ ፊት ይነዳል፤ አቅጣጫው ወደ ወርዋሪዋና ጥቂት ወደ መሬት ነው። ጉልበቱ ሲነዳ ጭኑ ይከተላል፣ ጭኑ ቀኝ ዳሌን ይዞ ይመጣል፣ ዳሌው ወገብን፣ ወገብ ትከሻን፣ ትከሻ እጅን። ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው። እጅ ቀድሞ ከሄደ እግሩ የሚያመነጨው ኃይል ዱላው ጋ ሲደርስ ምቱ አልቋል።

የዳሌውን እንቅስቃሴ ለመረዳት በር አስቡ። የግራ ዳሌ ማጠፊያው ነው፣ የቀኝ ዳሌ ደግሞ እጀታ ያለበት ጫፍ። በር ሲዘጋ እጀታው መንገድ ይሄዳል፤ ማጠፊያው ባለበት ይዞራል። ቀኝ ዳሌ እንዲሁ ከኋላ ተነሥቶ በግራ ዳሌ ዙሪያ ወደ ፊት ይመጣል። «ተረከዝህን አዙር» የተባለ ልጅ የሚያደርገው ግን የእንዝርት ሥራ ነው፦ ባለበት ቆሞ በራሱ ዘንግ ይሽከረከራል። ቀኝ ዳሌ ወደ ፊት ሳይመጣ ግራ ዳሌ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሰውነቱ ከሰሌዳው ይርቃል፣ ዱላውም የውጪውን ኳስ (ከመቺው ርቆ በሰሌዳው ሩቅ ጠርዝ በኩል የሚመጣውን) አይደርስበትም።

በተቃራኒው «ግፋ» የተባለ ልጅ ዳገት ላይ የቆመ ባጃጅ እንደሚገፋ ሰው የኋላ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል። እግር ቀጥ ሲል ዳሌ ከመዞር ይልቅ ይነሣል፤ ጭንቅላትም አብሮ ከፍ ይልና ዱላው ከኳሱ በላይ ያልፋል። በደረጃ 5 የኋላ ጉልበት እንደ ታጠፈ ነው የሚሄደው። መግፋቱ አለ፣ ከአውራ ጣት ሥር ይጀምራል፣ ግን እጅግ አጭር ነው፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከታጠፈ በኋላ እግሩ የሚገፋበት ሳይሆን የሚከተልበት ጊዜ ይሆናል።

መጀመሪያ ያለ ዱላ ሞክሩት። እጆቻችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ ደረጃ 3 እና 4ን ሥሩ፣ ከዚያ «ጉልበት» እያላችሁ ቀኝ ጉልበቱን ብቻ ንዱ። ስለ ተረከዝ አታስቡ። ጉልበቱ በትክክል ከሄደ ተረከዙ ሳትጠሩት ይነሣል። ካልተነሣ ክብደቱ ገና ተረከዙ ላይ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። 10 ጊዜ ደጋግማችሁ 1 ደቂቃ ዕረፉ፤ ይህን አራት ዙር ሥሩ።

ደረጃ 6፦ ዱላ ኳሱን ሲያገኝ

በዚህ ቅጽበት የፊት እግር ቀጥ ብሎ ይጠነክራል፤ ወደ ፊት የመጣውን ሰውነት አቁሞ መዞሩን የሚያፈጥነው እሱ ነው። የፊት ጉልበት ከታጠፈ በሩ ማጠፊያው እንደ ተነቀለ ይሆናል፣ የኋላ እግር ያመጣው ሁሉ ወደ ፊት ይፈስሳል።

በስልክ የተነሣውን ቪዲዮ እዚህ ላይ አቁሙና እነዚህን ፈልጉ፦

- የኋላ ተረከዝ ተነሥቷል፣ መሬት የነካው የጫማው ጫፍ ብቻ ነው፣ የጫማው ማሰሪያ ወደ ወርዋሪዋ ያያል።
- የኋላ ጉልበት ታጥፎ ጭንና ቅልጥም መአዝን ሠርተዋል።
- ከቀኝ ጆሮ ተነሥቶ በቀኝ ትከሻና በቀኝ ዳሌ አልፎ ወደ ቀኝ ጉልበት የሚወርደው መስመር ወደ ቀጥታ የቀረበ ነው።
- እምብርት ኳሱ ወደሚሄድበት ያያል።

ስልኩን በሁለት ቦታ አቁሙት፦ አንዴ ከደረታችሁ ፊት ለፊት፣ አንዴ ከያዡ በኩል። ርቀቱ 4 ሜትር፣ ከፍታው የዳሌ ያህል ይሁን። ከላይ ቁልቁል የተነሣ ቪዲዮ የጉልበቱን መታጠፍ ይደብቃል።

ደረጃ 7፦ ዱካውን አንብቡ

ስልክ ባይኖር እንኳ መሬቱ ይነግራችኋል። የኋላ እግር የሚቆምበትን ቦታ በእጅ አለስልሱት፣ ስስ ኖራ ነስንሱበት፣ አንድ ጊዜ ምቱና ሳትንቀሳቀሱ ወደ ታች ተመልከቱ። ኮምቦልቻ ላይ በበጋው አቧራ ኖራም አያስፈልግም።

ከጫማው ጫፍ ወደ ወርዋሪዋ የተጎተተች፣ ከ5 እስከ 15 ሴ.ሜ የምትሆን አጭር ጭራ ካያችሁ ልክ ናችሁ፤ ክብደቱ ተላልፎ እግሩ ቀልሎ ተከትሏል። ክብ ጉድጓድ፣ ሲጋራ የተደፈጠጠበት የሚመስል፣ ካያችሁ እንዝርት ሆናችኋል። ሙሉ የጫማ ማኅተም ምንም ሳይነካካ ከቀረ እግሩ ጭራሽ አልሠራም፣ የመታው ክንድ ብቻ ነው። ጭራው ወደ ያዡ ከሄደ ወደ ኋላ ወድቃችኋል። እግሩ ሙሉ በሙሉ ዘልሎ ሌላ ቦታ ካረፈ ደግሞ እርምጃው ረዝሟል ወይም ቀድማችሁ ሄዳችኋል።

አሥር ምት መትታችሁ ሰባቱ ጭራ ሲኖራቸው ከቲ ወደ ሚወረወር ኳስ ለማለፍ ደርሳችኋል።

ሁለት አጋዥ ልምምዶች

የግድግዳ ልምምድ፦ ጀርባችሁን ለግድግዳ ሰጥታችሁ ተረከዛችሁን ከግድግዳው 15 ሴ.ሜ አርቁ። ክብደት ስትቀበሉ ቀኝ መቀመጫችሁ ግድግዳውን ይንካ። ጉልበቱን ስትነዱ ቀኙ ይለቅቅና ግራ መቀመጫ ይንካ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከነኩ ወገብ ብቻ ነው የዞረው፤ ግራው ካልነካ ዳሌው መንገድ ላይ ቀርቷል። ቀስ ብላችሁ 15 ጊዜ፣ ያለ ዱላ። (ዱላ ይዛችሁ ከሞከራችሁ የሚጎዳው ግድግዳው ወይም የእጅ አንጓ ነው።)

የማቆም ልምምድ፦ ቲው ላይ ኳስ አድርጋችሁ በግማሽ ፍጥነት ምቱ፣ ዱላው ኳሱን እንደ ነካ ቁሙ። ሦስት ቁጠሩ። በዚያ ሁኔታ ላይ ጓደኛችሁ የኋላ ጫማችሁን ጫፍ በእጁ ከፍ ማድረግ ከቻለ ክብደቱ ተላልፏል። ካልቻለ ኋላ ቀርቷል።

ኳሱ የት ሄደ? የተለመዱ ስሕተቶች

ኳሱ በተደጋጋሚ ወደ ሰማይ ከወጣ የኋላ ጉልበት ወደ መሬት ተደርምሶ የኋላ ትከሻ ወድቋል። ዱላው ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ ኳሱን ከሥሩ ያገኘዋል። ማረሚያው የግድግዳው ልምምድ ነው፤ ጉልበቱ በዋናነት ወደ ፊት መሄድ አለበት።

ኳሱ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛው ቤዝ (ከሰሌዳው ወደ ሜዳው ሲታይ በግራ ወዳለው ማዕዘን) ወይም ከመስመር ውጭ ከሄደ የእንዝርቱ ስሕተት ነው፤ የፊት ዳሌ ቀድሞ ተከፍቷል። ዱካውን ተመልከቱ፣ ክብ ይሆናል።

ኳሱ መሀል ለመሀል ሄዶ ኃይል ካጣ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ወይ ክብደቱ እርምጃው ላይ አልቋል፣ ወይ እጅ ከጉልበት ቀድሟል። ቪዲዮውን የፊት እግር ያረፈበት ቅጽበት ላይ አቁሙ፦ እጆቹ ከትከሻ ወደ ፊት ከወጡ ሁለተኛው ነው።

አሰልጣኞች ከሚሠሩት ስሕተት አንዱ እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ቀን ማረም ነው። መቺ በአንድ ምት ማሰብ የሚችለው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጉልበቱ ጀምሩ፤ ሌላው ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል።

የውስጥና የውጭ ኳስ

እስካሁን ያለው ለመሀል ኳስ ነው፤ ቲው ከፊት እግር ትይዩ ይቆማል። ለውስጥ ኳስ፣ ማለትም ወደ ሰውነታችሁ ተጠግቶ ለሚመጣው፣ ቲውን ከፊት እግር 15 ሴ.ሜ ያህል ወደ ወርዋሪዋ አስቀድሙት፤ ዳሌው ሙሉ በሙሉ ይዞራል፣ የኋላ ጫማ ማሰሪያም ፊት ለፊት ያያል። ለውጭ ኳስ ቲውን ወደ ኋላ፣ ወደ እምብርታችሁ ትይዩ መልሱት፤ ዳሌው ሙሉ አይዞርም፣ እምብርት ወደ ሁለተኛው ቤዝ ተጫዋች (ከሜዳው መሀል ጥቂት ወደ ቀኝ ወደሚቆመው) ያያል፣ የኋላ ተረከዝም የሚነሣው ያነሰ ነው። የውጭውን ኳስ እንደ ውስጡ ዞራችሁ ከመታችሁት ዱላው በጫፉ ያገኘዋል፤ እጃችሁ ይነዝራል። ለዝቅተኛ ኳስ የኋላ ጉልበትን ተጨማሪ እጠፉ እንጂ ወገባችሁን አትጣሉ።

ጥንቃቄ

- የሚመታ ሰው ባለበት 5 ሜትር ዙሪያ ማንም አይቁም። ልጆች ኳስ ለማንሣት ስለሚሮጡ ኳስ የሚሰበሰበው ዱላው መሬት ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ይሁን።
- የሚወረወር ጠንካራ ኳስ ሲመታ የራስ ቁር ግድ ነው። የካልሲ ኳስ ከሆነ ይቅር ይባላል።
- ደሴ ጠዋት ሲበርድ ወዲያው አትምቱ። 10 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ሩጡ፣ ከዚያ ብሽሽትንና ውስጠኛውን ጭን አሟሙቁ። በደረጃ 5 በድንገት የሚሳበው ይህ ጡንቻ ነው።
- ኮምቦልቻ ቀትር ላይ እጅ ስለሚያልብ በየአሥር ምቱ እጀታውን በፎጣ አድርቁ። ከእጅ ያመለጠ ዱላ ከኳስ ይከፋል።
- የኋላ ጉልበት ውስጠኛው ጎን ካመመ አቁሙ። መጀመሪያ የሚመረመረው ጫማው ነው፦ ጥርሱ እየተተከለ ጉልበቱ እየዞረ ሊሆን ይችላል። የታችኛው ወገብ ካመመ ዳሌው ሳይዞር ወገቡ ብቻ እየዞረ ነው፤ ወደ ግድግዳው ተመለሱ። በሦስት ቀን ካልተሻለ ወይም ካበጠ ሐኪም ይየው።
- በክረምት ሜዳው ሲጨቀይ ምቱን ትታችሁ የደረጃ 3ን የቆርኪና የፎጣ ሥራ በረንዳ ላይ ሥሩ። ጭቃ ላይ የሚንሸራተት የኋላ እግር ክብደት መቀበልን ይፈራል፤ ሜዳው ከደረቀ በኋላም ፍርሃቱ ለጥቂት ሳምንት አብሮት ይቆያል።
- የቲው ባልዲ ከእርምጃው መንገድ ውጭ ይሁን። ከፊት እግር ቢያንስ 40 ሴ.ሜ አርቁት፤ ኮንክሪት ላይ ያረፈ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዛል።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ከ40 እስከ 60 ምት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሄድ መጀመሪያ የሚደክመው የኋላ ጭን ነው፤ ጭኑ ሲደክም ክንዱ ሥራውን ይረከበዋል፣ ከዚያ ወዲያ የምትለማመዱት ስሕተቱን ነው። ዱካው ላይ ጭራዋ ስትጠፋ የዚያን ቀን ዱላውን አስቀምጡ።